መምህር አስናቀና ያልተዘጋችው ክብ

መምህር አስናቀ ያረፉት ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ ባለ ሆስፒታል ነው። እሳቸው ተማሪዎቻቸውን «ስለ አንድ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ማን ማን እንደነበረ መዝግቡ» ይሏቸው ስለነበር እኔም ከዚያ እጀምራለሁ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ብዙነሽ በራስጌ በኩል ተቀምጠው ነበር። ከሌላ ግዛት የመጡት ታናሽ ወንድማቸው አቶ መኮንን በግርጌ ቆመዋል። የንስሐ አባታቸው መስኮቱ አጠገብ ሆነው በቀስታ ይጸልያሉ። አንዲት ነርስ ነበረች፤ ስሟን አልያዝኩም፣ ግን ጫማዋ ድምፅ እንዳያሰማ በእግሯ ጣት ነበር የምትራመደው። ልጄ ሐያት በቀኛቸው ቆማ ወረቀት ይዛለች። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። የትም ስገባ መጀመሪያ መውጫውን አይቼ ነው የምቆመው፤ ያን ቀንም እንደዚያው አደረግኩ።

በአካል ያልነበረች፣ በልጄ ወረቀት ላይ ግን የነበረች አንዲት ሴት ደግሞ አለች። ወደ እሷ እመጣለሁ።

ወይዘሮ ብዙነሽ ለአርባቸው በሚታደለው ወረቀት ላይ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ እምቢ ብዬ ነበር። «የተማሩት ይጻፉ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ» አልኳቸው።

«ዘሀራዬ፣ የተማሩት ስለ ትምህርቱ ይጽፋሉ። አንቺ ስለ ሰውየው ጻፊ» አሉኝ።

ነገር ግን ሰውየውንና ትምህርቱን መለየት አቃተኝ። ትምህርታቸው እኔን ያገኘኝ ወጥ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነው።

መምህር አስናቀን በቅርብ ለማታውቋቸው፦ ኮሌጅ ውስጥ ለጀማሪ ተማሪዎች አንትሮፖሎጂ ያስተምሩ ነበር። እኔ እንደገባኝ ይህ ትምህርት ሰው እንዴት እንደሚጋባ፣ ማንን ዘመዴ እንደሚል፣ ሬሳውን እንዴት እንደሚቀብር፣ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይነካ ይጠይቃል። ክላስ በሌላቸው ቀን ደግሞ እንደ እኔ መኪና የማይነዱትን ሰዎች ወደ ሐኪም ያመላልሱ ነበር። ክርስቲያን ሙስሊም ሳይሉ፣ ሥራ ሳይመርጡ፣ አሮጊት ደግፈው፣ ፎርም አስሞልተው። ስናመሰግናቸው ይቆጡ ነበር። «ለእናንተ ብዬ መሰላችሁ? የመስክ ሥራዬ ነው! ሰው የልቡን የሚናገረው መኪና ውስጥ ነው፤ ፊት ለፊት አይተያይማ» ይሉ ነበር።

እኔ የምኖረው ስማይርና ነው። ባለቤቴ ሰይድ ከሞተ ወዲህ መንዳት ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሃይዌይ ላይ ስገባ እጄ መሪው ላይ ደረቀ። ስለዚህ የዓይን ሐኪም አፖይንትመንት በደረሰ ቁጥር መምህር አስናቀ በሩ ላይ መጥተው አንድ ጊዜ ብቻ ክላክስ ያደርጋሉ። ሁለተኛ አያደርጉም። ዘግይቼ ስወርድ መስተዋት ዝቅ አድርገው «ስንት ጊዜ ቆልፈው ስንት ጊዜ ከፈቱት?» ይሉኛል። በሩን ቆልፌ ተመልሼ እንደማረጋግጥ ያውቁ ነበር።

ሐያት የእሳቸው ተማሪ ስትሆን ግን አንድ ቀን ክላሳቸው ውስጥ አስገቡኝ። ተማሪዎቹን በእንግሊዝኛ «ዛሬ አስተማሪዋ እሳቸው ናቸው፤ እኔ አስተርጓሚ ነኝ» ብለው እኔን ከፊት አስቀመጡኝ። በሩ ከኋላዬ ስለነበረ ተጨነቅኩ። ኮፍያ ያደረገ አንድ ተማሪ፣ እዚህ አገር ምን እንደሚገርመኝ ጠየቀኝ።

«ትራስ» አልኩ።

የምሠራው ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ነው። ለአንድ ሰው አልጋ ስድስት ትራስ እንደረድራለን። ጠዋት ስንመለስ አራቱ ወለል ላይ ተጥለው እናገኛቸዋለን፤ አንስተን እንደገና እንደረድራለን። «ስድስት ዓመት አነሳኋቸው። ማን እንደሚተኛባቸው እስከ ዛሬ አላየሁም» አልኩ። መምህር አስናቀ ሲተረጉሙት ክላሱ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ልጅ እሷም ምክንያቱን እንደማታውቅ ተናገረች።

ያን ጊዜ መምህር አስናቀ እጃቸውን አነሱ። «አያችሁ? የራሱን ቤት የዓለም ሁሉ ልክ ያደረገ ሰው ‹እብዶች ናቸው› ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን ማን እንደሚተኛበት ጠየቁ። የዚህ ትምህርት ግማሹ ይኸው ነው።» ወደ እኔ ዞር ብለው ደግሞ በአማርኛ «አብሮ እየኖሩ ማየት ይባላል። እርስዎ አልጋቸውን እያነጠፉ ሲሠሩት ነው የኖሩት» አሉኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ሐያት «እማ፣ ፈኒ ነሽ እኮ! ላይክ፣ ሲሪየስሊ!» እያለች መንገዱን ሁሉ ሳቀች። እንዲህ ኮርታብኝ አታውቅም ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወረቀቱ መጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሐያት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀትና ማስመሪያ ዘርግታ ጠራችኝ።

«እማ፣ ይሄ የዘመድ ቻርት ነው። ትሪያንግል ወንድ፣ ሰርክል ሴት። ኢኩዋል ያለበት ተጋብተዋል። ወደ ታች የሚወርደው ልጅ ነው። የሞተ ሰው ላይ እንዲህ ሰያፍ መስመር እናደርጋለን። ይሄ የጠቆረው እኔ ነኝ። ኤቭሪባዲ የሚቆጠረው ከእኔ ነው፣ ኦኬ?»

ከእሷ ነው የሚቆጠረው። እኔም አሥራ ሰባት ዓመት ስፈራ የኖርኩት ይህንኑ ነበር።

ሐያትን አሳደግኋት እንጂ አልወለድኳትም። የወለደቻት ታናሽ እህቴ ሉባባ ናት። የሐያት አባት ልጁን ሳያይ ሞተ። ሐያት ሁለት ዓመት ሲሆናት ሉባባ ለቤት ሥራ ቤይሩት ሄደች። የሄደች ዕለት ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ እኔ ጀርባ ላይ አዘለቻትና ነጠላውን ራሷ አሰረችው። «እስክመለስ ልጅሽ ናት» አለችኝ። አንድ ዓመት ያህል ትደውል ነበር። ከዚያ ስልኳ ተዘጋ። እኔና ሰይድ ደሴ ፍርድ ቤት ቀርበን ሐያትን በጉዲፈቻ ተቀበልን፤ ወደ አሜሪካም ስንመጣ በዚያው ወረቀት ነው የመጣነው። መንግሥት ያውቃል። የተደበቀው ከልጅቷ ብቻ ነበር። አሥር ዓመት ሲሞላት እንነግራታለን አልን። ከዚያ አሥራ አምስት አልን። ከዚያ ሰይድ ሞተ። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ቆለፍኩት፤ ቁልፉን ደግሞ በየወሩ ቦታውን እቀይረዋለሁ።

ሐያት ሉባባን የምታውቃት እንደ አክስት ነው። በወረቀቱ ላይ ከእኔ አጠገብ ክብ አድርጋላት ስሟን ከሥር ጻፈች።

«አክስቴ ሉባባስ? አለች? ካለች ስልኳን ስጪኝ፣ ኢንተርቪው ላድርጋት። ኤክስትራ ነጥብ አለው።»

እርሳሷ ከክቧ በላይ ቆሞ ይጠብቃል። አለች ብላት ስልኳን ትጠይቃለች። አላውቅም ብላት ለምን እንደማላውቅ ትጠይቃለች። በየትኛውም በር ብወጣ የምደርሰው እዚያው ሻንጣ ላይ ነው። አንድ ብቻ የሚዘጋ በር ታየኝ።

«ሞታለች» አልኳት።

«ኦ። ሶሪ፣ እማ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልጅ ነበርሽ።»

ማስመሪያውን አስተካክላ በጥንቃቄ ክቧ ላይ ሰያፍ መስመር አሰመረች። የእርሳሱን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ልጅ በገዛ እጇ እናቷን ከሙታን ደመረች፤ ያስደረግኋት እኔ ነኝ።

ነገሩ በዚያ ቢቆም ኖሮ ዝም ብዬው እኖር ይሆናል። ሐያት ግን ለጓደኛዋ ለሱመያ ነገረቻት፤ ሱመያ ለእናቷ። የሰው ሞት ዘግይቶም ቢሰማ ለቅሶ ይደረሳል። እሑድ ጠዋት የሱመያ እናት እና ሌሎች ሦስት ሴቶች ከመስጊድ ምግብ በድስት ይዘው መጡ። «እንዴት እንዲህ ያለውን ሐዘን ብቻሽን ትይዥዋለሽ? እኛ ምንሽ ነን?» ብለው ተቆጡኝ። ቤቴ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉላት። እኔም ትሙት ትኑር የማላውቃትን የእህቴን ለቅሶ ተቀመጥኩ። «አሚን» ማለት ነበረብኝ፤ አልኩ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ እንባው ግን ሳልጠራው መጣ፣ ማቆምም አልቻልኩም። ሐያት አጠገቤ ተቀምጣ ጀርባዬን ትዳብሰኛለች። በሩ ላይ ጫማቸው ተደርድሯል። የራሴ ቤት ነው፣ የምወጣበት ግን አልነበረኝም።

ከዚያ በሳምንቱ መምህር አስናቀ ለዓይን አፖይንትመንት ወሰዱኝ። ሁለት ሰማንያ አምስት የሚባለው ሃይዌይ ላይ እንደወጣን ከፊታችን የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ሁሉ ቆመ። በቀኝ የሲሚንቶ ግንብ፣ በግራ ረጅም ካሚዮን። ሃያ ደቂቃ ስንቆም ሞተሩን አጠፉት። በሩን ብከፍተው እንኳ የምሄድበት የለም። እጀታውን ግን ያዝኩት።

መሃላችን ባለው ቦታ የተማሪዎቻቸው ወረቀት ተከምሯል። «የሐያትን ቻርት አየሁት» አሉኝ፤ «ቆንጆ አድርጋ ነው የሠራችው። እህትዎን እንዳጡ ያወቅኩት ከዚያ ነው። ሳልሰማ ቀርቼ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነፍስ ይማር።»

እሳቸውም ለቅሶ ደረሱኝ።

«አልሞተችም» አልኩ።

ዞር ብለው አላዩኝም። ፊት ለፊት የቆመውን መኪና እያዩ «እሺ» አሉ። ቀጥለው «ታዲያ ሥዕሉ ላይ ማን ናት?» አሉ።

«የሐያት እናት ናት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጀርባዬ ላይ ካሰረችልኝ ነጠላ እስከ ድስቶቹ ድረስ። ስጨርስ መኪኖቹ አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀሱም ነበር።

መምህር አስናቀ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር። «የእናትን እህት እናት ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ብዙ ነው» አሉኝ። «እርስዎ እዚያ ቢወለዱ ሐያት ሁለት እናት ያላት ልጅ ናት፤ የሚደበቅም ነገር የለም። እኛም ጉዲፈቻ ብለን ስም አውጥተን በሽማግሌ ፊት የምናደርገው ነገር ነው። የወለደና ያሳደገ አንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት ያለ ማን ነው? ማሳደግዎ ውሸት አይደለም፣ ወይዘሮ ዘሀራ። ውሸቷ ይህች ብቻ ናት።» የሐያትን ወረቀት ከክምሩ አውጥተው በብዕራቸው ክዳን ሰያፏን መስመር ነኩ።

«ታዲያ ምን ላድርግ? አለች ብዬ እንዳላጽፍ መኖሯን አላውቅም።»

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። «በዚህ ሥዕል ለጉዲፈቻ ምልክት አለው፤ የተቆራረጠ መስመር ነው። ለፍቺ አለው። ለሞት አለው። ለጠፋ ሰው ግን የለውም። ሥዕሉን ያወጡት ሰዎች፣ እህታቸው ቤይሩት ሄዳ ስልኳ የተዘጋባቸው አይመስሉኝም።» ሳቅ አልኩ፤ በዚያ ሰዓት መሳቄ ራሴንም ገረመኝ።

ከዚያ አንድ ባዶ ወረቀት ወስደው ክብ ጀመሩ። መስመሩ ሊገናኝ ትንሽ ሲቀረው ብዕሩን አነሱት። «ሳይዘጋ ይቆይ» አሉ። «ስትገኝ እንዘጋዋለን። ሞታም ከሆነ ያን ጊዜ እናሰምርበታለን። እስከዚያ ድረስ ክፍት ነው።»

ለመንኳቸው። «እርስዎ ይንገሩልኝ። ከእርስዎ ትሰማለች።»

«አልነግራትም። የነገረኝን ሰው ሚስጥር ያለፈቃዱ አታውጡ ብዬ የማስተምር ሰውዬ ነኝ። ስለ እናቷ የምትነግራት እናቷ ናት። እኔ የምችለው ወረቀቱን ሳላርም ማቆየት ነው።» መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ሞተሩን አስነሱ። «ለወላጅ ኤክስቴንሽን፣ የጊዜ ማራዘሚያ፣ ሰጥቼ አላውቅም፤ የመጀመሪያዋ እርስዎ ነዎት።»

እኔ ግን ያንን ጊዜ በላሁት። ዛሬ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ፤ ፈተና ይለፍ፣ ጉንፋኗ ይሻላት። ሐያት ወረቀቷ ባለመመለሱ ትነጫነጭ ጀመር። «የሁሉም ተመልሷል፣ የእኔ ብቻ! ኢሜይል አደረግኩት፣ ‹ሥዕሉ አላለቀም› ይላል። ምን ማለቱ ነው?»

«‹ይላሉ› በዪ» አልኳት። ሌላ የምመልሰው ስላልነበረኝ ሥርዓት አስተማርኳት።

እሳቸው በበኩላቸው አልተቀመጡም። ፈቃዴን ጠይቀው፣ የማን እህት እንደሆነች ሳይናገሩ፣ ቤይሩት ሠርታ የመጣች ሴት በመኪናቸው በተሳፈረች ቁጥር ስለ ሉባባ ይጠይቁ ነበር። ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ባሉት የሐበሻ ሱቆች እየገቡ፣ በርበሬ የምትመርጥ ሴት አጠገብ ቆመው «እህቴ፣ ሊባኖስ ኖረሻል እንዴ?» ይላሉ። ወይዘሮ ብዙነሽ «ባሌ በእርጅናው ሴት ማናገር ጀመረ» ብለው እንደቀለዱባቸው ነግረውኛል። አንድ ቀን ታዲያ አንዲቷ፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ ሉባባ የምትባል የወሎ፣ የሐይቅ ከተማ ልጅ አውቃለሁ አለቻቸው። ከቤይሩት ወጣ ባለ ተራራ ላይ ባለ ከተማ አንዲት አሮጊት ትጦር ነበር። ይህ ከአራት ዓመት በፊት ነው። አሮጊቷ ሲሞቱ ልጅቷ ወዴት እንደሄደች አታውቅም።

መምህር አስናቀ ይህን ሲነግሩኝ ከመኪናው ወርጄ አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ለቅሶዋን የተቀመጥኩላት እህቴ የሰው እናት እየጦረች የኖረች ሰው ናት። «እንግዲህ ወይዘሮ ዘሀራ፣ ጊዜው አልቋል። ለሐያት ይንገሯት፤ ከዚያ እህትዎን በአደባባይ ይጠይቁ» አሉኝ። በዚህ ጉዳይ ከአፋቸው የወጣው ብቸኛው ቁጣ ያ ነበር።

በዚያው ሳምንት ልባቸው ደከመና ሆስፒታል ገቡ።

እኔና ሐያት ሰኞ ዕለት ልንጠይቃቸው ሄድን። ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ነበር፤ ፊታቸው ግን ያው ነው። ሐያት «እንዴት ነዎት፣ መምህር?» አለቻቸው። ያን ቀን ሥርዓቷ ሁሉ ሙሉ ነበር። እሳቸው ለእሷ ፈገግ ብለው፣ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ሥዕሉ አለቀ?» አሉ።

ሐያት ለእሷ መስሏት «እኔ ጨርሻለሁ እኮ፣ እርስዎ ነዎት ያልመለሱት!» አለች። እሳቸው ግን እኔን ብቻ ነው ያዩት። በሩ ከኋላዬ ክፍት ነበር። አልወጣሁም።

ወደ መኪና ማቆሚያው ፎቅ ወረድን። ሐያት የመኪናዋን ቁልፍ አስገብታ ልታስነሳ ስትል እጇን ያዝኩት። «አታስነሽው» አልኳት። ከዚያ ነገርኳት፤ መምህር ሳይዘጉ እስከተዉት ክብ ድረስ።

ስጨርስ እጇን ከእጄ አወጣች። ከዚያ «መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ» አለች። «እኔ! በእጄ!»

«እኔ ነኝ ያስደረግሁሽ።»

«ሰዎች መጥተው አለቀሱላት እኮ! ምግብ አመጡ! አንቺም አለቀስሽ፣ እኔ ደግሞ ጀርባሽን...»

«ያለቀስኩት እውነቴን ነው፣ ሐያት።»

«እሱ ነው የባሰው» አለችኝ።

ነድታ ቤት አደረሰችኝ። ልብሷን በቦርሳ ይዛ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ወደሚገኘው የሱመያ ቤት ሄደች። ከመውጣቷ በፊት የጉዲፈቻውን ወረቀት ከነፌስታሉ ሰጠኋት፤ ተቀበለችኝ። በሩን ከውጭ ስትዘጋው፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቆልፈው ተውኩት። ምናልባት ትመለስ ይሆናል ብዬ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ብዙነሽ ደውለው «ኑ» አሉን። ሱመያ አምጥታኝ ስደርስ ሐያት ቀድማኝ ክፍሉ ውስጥ ነበረች። አላየችኝም፣ ግን ውጪም አላለችኝም። አዲስ ወረቀት ሠርታለች። ወደ መምህር አስናቀ ጎንበስ ብላ ፊታቸው ላይ ያዘችው። እኔ ከበሩ ሆኜ አየሁት። በመሃል የጠቆረችው እሷ ናት። ከእኔ ክብ ወደ እሷ የተቆራረጠ መስመር ይወርዳል። ከአጠገቤ ያለችው የሉባባ ክብ ወደ እሷ የሚወርድ ሙሉ መስመር አላት። ሰያፉ የለም። ክቡ አልተዘጋም።

መምህር አስናቀ ዓይናቸው በግማሽ ተከፍቶ ነበር። ወይዘሮ ብዙነሽ «አይቶታል፣ እጄን ጨበጥ አድርጎኛል» ይላሉ። አቶ መኮንን ያን ጊዜ ምንም አያይም ነበር ባይ ናቸው። እኔ አላውቅም። ብዙ ሳይቆይ ትንፋሻቸው ቆመ።

ሐያት እስካሁን ያለችው ሱመያ ጋ ነው። ዓርብ ዓርብ ትመጣለች። ደብተር ይዛ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች፣ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፣ መልሱን ትጽፋለች፣ ትሄዳለች። ቁመቷ ምን ያህል ነበር? ምን ትወድ ነበር? አንቺ ጀርባ ላይ ስታዝለኝ አለቀስኩ? ልክ መምህር አስናቀ እንዳስተማሯት፣ ሳታቋርጠኝ፣ ሳትፈርድብኝ ትሰማለች። «እማ» ግን አላለችኝም፤ ስሜንም አትጠራም። ይህን ጽሑፍ አስነብቤያታለሁ፤ ያለፈቃዷ ላወጣው አልችልም። ሁለት ጊዜ አነበበችውና «ፑት ኢት፣ ይውጣ» አለችኝ።

ለቅሶ የደረሳችሁልኝ እህቶቼም ይቅር በሉኝ። ድስታችሁን መልሻለሁ፤ ዱዓችሁን ግን መመለስ አልችልም። በሕይወት ላለ ሰው የሚደርስ እንዲሆን እለምናለሁ።

መምህር አስናቀ፣ እኔን ሰው ሁሉ «አትጨነቂ» ይለኛል። እርስዎ እንደዚያ አላሉኝም። ስንት ጊዜ እንደቆለፍኩ ጠየቁኝ እንጂ። መቆለፌ ምን ለመጠበቅ እንደሆነ ያወቀ ሌላ ሰው አልነበረም። እስከ አሁን ድረስ ክላክስ የሰማሁ ሲመስለኝ ጫማዬን አደርጋለሁ። የሰጡኝን ጊዜ አባክኜ በመጨረሻው ቀን ስለደረስኩ ይቅር ይበሉኝ። ከገባሁበት ገና አልወጣሁም፤ ግን በሩ የት እንዳለ አሳይተውኛል። ፈጣሪ ማረፊያዎን ያሳምርልዎ። ወረቀቱ ሐያት ጋ ነው፤ አላለቀም። ያዘዙኝን አንድ ነገር ዛሬ እፈጽማለሁ፦ በአደባባይ እጠይቃለሁ።

እህቴ ሉባባ እንድሪስ ትባላለች። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ነው የተወለደችው። ረጅም ናት፤ ግራ እጇ አንጓ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አላት፤ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ከቤይሩት ወጣ ባለ ተራራማ ከተማ አሮጊት ስትጦር ነው። ያያት፣ ስሟን የሰማ፣ ወይም የተቀበረችበትን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ለወይዘሮ ብዙነሽ ወይም ለእኔ ንገሩን።